ከሚዛን የጎደለውን በአሥራት መተካት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእህል ንግድ የምተዳደር የልጆች እናት ነኝ። አጽዋማትን እጾማለሁ፣ አሥራቴን አላስቀርም፣ ወር በገባ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን እዘክራለሁ። ይሁን እንጂ በእኛ ገበያ ሚዛን ጥቂት ማጉደልና በነጭ ጤፍ ላይ ሰርገኛ መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። አሁን ኅሊናዬ ዕረፍት ነሣኝ። የምሰጠው አሥራትና ምጽዋት ይህን ይሸፍንልኛልን? መመለስ አለብሽ ከተባልኩስ ገዢዎቼን ከየት አገኛቸዋለሁ? በትክክለኛ ሚዛን ብቻ ሸጬ ልጆቼን ማሳደግ እንዳያቅተኝም እፈራለሁ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዱ እኅታችን፣ ማንም ሳይከስዎትና ሳያስገድድዎት ይህን መጠየቅዎ የንስሐ መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አሥራቱና ምጽዋቱ የጎደለውን ሚዛን አይሸፍኑም። ይህን የምለው ጾምዎንና ዝክርዎን ለማቃለል አይደለም፤ እነርሱን አጥብቀው ይያዙ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ቦታ አለውና፣ ለእግዚአብሔር የምንሰጠው ስጦታ ለሰው ያለብንን ዕዳ አይከፍልልንም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስ ጌታችን ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ቆሞ የተናገረውን ቀስ ብለው ያንብቡት፤ «ጌታ ሆይ፥ ካለኝ ሁሉ እኵሌታውን ለድሆች እሰጣለሁ፤ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው ያለው። ሁለቱን ሒሳቦች አልቀላቀላቸውም፤ ድሆችን ከራሱ ድርሻ አሰባቸው፣ የተበደሉትን ደግሞ ለብቻቸው ቆጠራቸው። ግማሽ ሀብቱን የሰጠ ሰው «ይህን ያህል ከመጸወትሁ ይበቃኛል» ለማለት ከማናችንም ይልቅ ምክንያት ነበረው፤ ግን አላለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 በደሉን አውቆ የሚመልስ ሰው ዋናውን ከአምስት አንድ እጅ ጨምሮ እንዲከፍል ታዝዟል፤ አራት እጥፍ ግን በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው የሚከፍለው ነው። ዘኬዎስ ማንም ሳይፈርድበት በራሱ ላይ የሌባውን ፍርድ ፈረደ። ጌታችንም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው።

በዚያው በዘሌዋውያን ምዕራፍ ቅደም ተከተሉንም ይመልከቱ። በደለኛው አስቀድሞ ገንዘቡን ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የበደሉን መሥዋዕት ወደ ካህኑ የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ከድሃ ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርብን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር ያመሳስለዋል። ቃሉ እጅግ ከባድ ነው። እኔ ግን ማለዘብ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ብዙ ምእመናን ጃንጥላና ምንጣፍ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን ሲያስገቡ፣ ገንዘቡ በምን መንገድ እንደተገኘ ግን ሳይጠይቁ ዕድሜያቸውን እንደሚፈጽሙ አውቃለሁ።

«ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው ነገር አዲስ አይደለም። በትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 8 ሰንበት አልፎ ጎተራቸውን እስኪከፍቱ ድረስ የሚቸኩሉ፣ መስፈሪያውን አሳንሰው ዋጋውን የሚያበዙ፣ የስንዴውን ግርድ ሳይቀር ለድሃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ተጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ሰንበትን ያከብሩ ነበር፤ በዚያ ቀን አልሸጡምና። እግዚአብሔር ግን ሥራቸውን ከቶ እንደማይረሳ ማለ።

ደግሞም ጉድለቱ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ያስቡ። ኩንታል የሚገዛ ሰው ጤፉን በእጁ ዘግኖ ያያል፣ ካልተማመነም በሌላ ሚዛን ያስመዝናል። በቀን ሥራ የምታድር እናት ግን ማምሻውን ሁለት ኪሎ ልትገዛ ትመጣለች። የሚዛኑ መርፌ ገና ሳይረጋ እህሉ ወደ ፌስታሏ ይገለበጣል፤ እርሷም ልጆቿ ይጠብቋታልና ሳትጠይቅ ከፍላ ትሄዳለች። ከአንድ ኪሎ 50 ግራም ማጉደል ለሻጩ ምንም አይመስልም፤ በመቶ ኪሎ ግን 5 ኪሎ ነው፣ ያም ከእንደዚህች ዓይነት እናቶች መሶብ ጥቂት በጥቂት የተነሣ እንጀራ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የተባለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የሚበደለው ሁልጊዜ መከራከር የማይችለው ነውና።

ስለ መመለሱ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ቢሆንም መንገድ አለው። በመጀመሪያ የሚያውቋቸው ደንበኞች አሉ። ለእነዚህ በእውነተኛ ሚዛን ከለኩ በኋላ የጎደለባቸው እስኪካካስ ድረስ ጨምረው ይስፈሩላቸው፤ በአደባባይ ማወጅ ግዴታ አይደለም፣ ዋናው ነገር ድርሻቸው እጃቸው መግባቱ ነው። ጭማሪውን ግን እንደ ምርቃት ቆጥረው ምስጋና አይጠብቁበት። ሁለተኛ፣ የማያውቋቸውና ዳግመኛ የማያገኟቸው አሉ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የተበደለው ሰውም ሆነ ዘመዱ ባይገኝ ካሣው ለእግዚአብሔር ሆኖ በካህኑ እጅ እንዲሰጥ ታዝዟል። ስለዚህ በቅንነት የሚገምቱትን ያህል መጠን ለይተው፣ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ለድሆች ያውሉት፤ ይህ ግን ከአሥራትዎም ከምጽዋትዎም ውስጥ አይቆጠርም። ስለ ቅልቅሉም እንዲሁ ነው፤ ሰርገኛን ሰርገኛ ብሎ በሰርገኛ ዋጋ መሸጥ ምንም ነውር የለበትም፤ ኃጢአቱ በነጭ ጤፍ ስም መሸጡ ነው።

ዕዳው በአንድ ቀን የሚከፈል ላይሆን ይችላል። የንስሐ አባትዎ የቤትዎን አቅምና የልጆችዎን ሁኔታ አይተው ጊዜውንና መጠኑን ይወስኑልዎታል፤ ስግደቱንና ጾሙንም እንደዚሁ። ካህን ከኃጢአት ማሰሪያ የመፍታት ሥልጣን አለው፤ የሌላውን ሰው ገንዘብ ለእርስዎ የመተው ሥልጣን ግን የለውምና፣ ኑዛዜዎን «በንግድ ላይ አንዳንድ ስሕተት አለብኝ» በሚል ቃል አይሸፍኑት። ምን ያህል፣ በምን መንገድ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ በግልጽ ይንገሯቸው። ወደ ቅዱስ ቍርባን የሚቀርቡበትንም ጊዜ እርሳቸው ይነግሩዎታል፤ ሁሉንም ከፍዬ ካልጨረስሁ ብለው ግን በራስዎ ፈቃድ ከሥጋ ወደሙ አይራቁ።

ልጆቼን ማሳደግ ያቅተኛል የሚለውን ስጋትዎን አልንቀውም፤ የእናት ስጋት ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ሊጠመቁ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። እርስዎም ንግድዎን አይተዉም። ትርፉ በግልጽ ዋጋ ላይ ይቀመጥ፤ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከጎረቤት ሱቅ ጥቂት ቢበልጥም ኪሎው ኪሎ ይሁን። አንዳንድ ገዢ ዋጋውን ሰምቶ ይሄድ ይሆናል፣ ገቢዎም በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊቀንስ ይችላል፤ ይህንንም አስቀድመው ለቤተሰብዎ ይንገሩ፣ ልጆችዎም ምክንያቱን ይወቁት። በዚህ ሳምንት ግን ሱቁን ከመክፈትዎ በፊት ሚዛኑን ያስመርምሩ፣ የተቀላቀለውን ጤፍ ለይተው በስሙ ያስቀምጡ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ።