«የሕግ ቢሮ ነን፣ ዕዳዎን ይክፈሉ» ሲሉዎት እንዴት ያጣራሉ?

«ዕዳዎን በ48 ሰዓት ውስጥ ካልከፈሉ እንከስዎታለን» የሚል ደብዳቤ ከአንድ የሕግ ቢሮ ደርሶዎት የቢሮውን እውነተኛነት ለጠየቁት፦ ከሁሉ በፊት ደብዳቤው ላይ ወደተጻፈው ስልክ አይደውሉ። አጭበርባሪ ከሆነ የሚያነሣው ራሱ ነው፤ «አዎ፣ እውነተኞች ነን» ከማለት ሌላ ምን ይልዎታል?

የጠበቃውን ሙሉ ስም ይዘው ፈቃድ ሰጪው አካል ወይም የጠበቆች ማኅበሩ መዝገብ ላይ ይፈልጉ። ስሙ መገኘቱ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አታላዮች የእውነተኛ ጠበቃ ስምና አርማ ሰርቀው ይጠቀማሉ። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ባለው ስልክ ደውለው «ይህን ደብዳቤ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ?» ብለው ይጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ብደውል ጸሐፊዋ «በዚህ ሳምንት አራተኛው ነዎት» አለችኝ።

ቢሮው እውነተኛ ቢሆንም ዕዳው የእርስዎ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው አበዳሪ ማን እንደሆነ፣ ዋናው ገንዘብና ወለዱ ምን ያህል እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁዎት ይጠይቁ። በአሜሪካ ለምሳሌ ማሳወቂያው በደረሰዎት በ30 ቀን ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ማረጋገጫ እስኪልኩ ድረስ ማስከፈላቸውን ማቆም አለባቸው። አበዳሪውንም በቀጥታ ይጠይቁ፤ ዕዳውን ሸጦት ከሆነ ለማን እንደሸጠው ያውቃል።

በስጦታ ካርድ ይክፈሉ ካሉዎት ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፣ ሌቦች ናቸው። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከደረሰዎት ግን ፈጽሞ ችላ አይበሉ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ፍርድ ቤቱን ራሱን ይጠይቁ። እስከዚያው ትንሽ ገንዘብም ቢሆን አይክፈሉ፤ በአንዳንድ አገሮች ከፊል ክፍያ በይርጋ የቀረን ዕዳ፣ ማለትም በሕግ የመክሰሻ ጊዜው ያለፈበትን፣ መልሶ ሊያስነሣ ይችላል።