ሌቼ ፍላን እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣ

ጥፋቱ የእሳቱ ነው፣ የወተቱ አይደለም። የፊሊፒኖቹ ሌቼ ፍላን፣ ያ ከእንቁላል አስኳልና ከወተት ተሠርቶ በውሃ እንፋሎት የሚበስለው ጣፋጭ፣ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣብኝ፣ ሲበላም ይሻክራል ብለሻል። ከታች ያለው ውሃ ሲንተከተክ እንቁላሉ ከመጠን በላይ ይበስልና ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል።

እሳቱን በጣም ቀንሺ። ውሃው ቀስ ብሎ እንፋሎት ያውጣ እንጂ አይንተክተክ። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። መሃሉ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ አውጪው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል።

ሁለተኛው ምክንያት አረፋ ነው። 10 አስኳል፣ 1 ጣሳ ኮንደንስድ ሚልክ (ስኳር ያለው ወፍራም የጣሳ ወተት) እና 1 ጣሳ ኢቫፖሬትድ ሚልክ (ስኳር የሌለው የጣሳ ወተት) በማንኪያ ቀስ ብለሽ አዋህጂ። በማሽን አትምቺው። ከዚያ በወንፊት አጥልለሽ ቀልጦ ቡናማ የሆነው ስኳር ላይ ጨምሪው። እነሱ ሊያኔራ የሚሉት ሞላላ ቆርቆሮ ከሌለሽ ትንሽ የኬክ መጋገሪያ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ከመጫንሽ በፊት በፎይል ግጥም አድርገሽ ሸፍኚው። እኔ አንዴ ሳልሸፍን ጥጄ፣ ከድስቱ ክዳን ላይ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ላዩን አበላሽቶብኛል። ያን ሁሉ አስኳል አፍስሰሽ እንደዚያ ሲሆን በጣም ያሳዝናል።