ሞተር ስትቀይሩ ማኒኮቶውን አትለፉት፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው ወር የራሴን አይሱዙ ኤን ፒ አር ሞተር ቀየርኩ። ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው ፎር ኤች ኤፍ ዋን ሞተር ወጥቶ ፎር ኤች ጂ ዋን ቱርቦ ገባ። ሞተሩን አውርዶ ሌላውን ለመስቀል ሦስት ቀን በቃኝ፤ ማኒኮቶውን (የጎማ ቱቦውን)፣ ቱቦውንና ፊቲንጉን (የቱቦ መገጣጠሚያውን) ለማስተካከል ግን ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ለሁላችሁም እዚሁ እመልሳለሁ። ስለ ሞተር ዋጋ ሌላ ቀን እናወራለን፤ ዛሬ የውሃ፣ የዘይት፣ የናፍጣና የአየር መስመር ብቻ ጠይቁኝ።

ጥያቄ (ከጫጫ)፦ ጋሼ፣ የድሮዎቹ ማኒኮቶዎች ሲታዩ ደህና ናቸው። መቀየር ግድ ነው?

ወንድሜ፣ ማኒኮቶ በውጭ መልኩ አይፈረድም። ፋሼታ (ማኒኮቶውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት) ታስሮበት የኖረውን ጫፍ በሁለት ጣትህ ጭመቀው። ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካሰማህ፣ ወይም ጨምቀኸው ስትለቀው ቶሎ ካልተመለሰ አበቃለት። ጎማው ከውስጥ ተሰንጥቆ ውጩ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ብዙ አይቻለሁ። ሞተሩ ወጥቶ ሳለ እጅህ የማይገባበት ቦታ የለም፤ ከገባ በኋላ ግን ለአንዲት ፋሼታ ግማሽ ቀን ትቀልጣለህ። ስለዚህ ሁሉንም ቀይር።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ከሶማሌ ተራ ሰማያዊ የሲሊኮን ማኒኮቶ አምጥቻለሁ። ለውሃውም ለናፍጣውም ለዘይቱም ልጠቀምበት?

ለውሃና ለቱርቦ አየር፣ አዎ። ለናፍጣና ለዘይት ፈጽሞ አይሆንም። ሲሊኮን ናፍጣ ያሳልፋል፣ በዘይትም ይለሰልሳል። የተለመደው ጥቁር የራዲያተር ማኒኮቶም እንደዚሁ ነው፤ ለውሃ የተሠራው ጎማ (ኢፒዲኤም የሚባለው) ዘይት ሲነካው ያብጣል። ለናፍጣና ለዘይት ኤንቢአር የሚባለውን የነዳጅ ጎማ ጠይቅ። ሌላው ነገር፣ ጥርሱ የተቀደደ ተራ ፋሼታ ሲሊኮንን እየቆረጠ ይገባል። ውስጡ ለስላሳ የሆነውን ፈልገህ እሰር።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ አዲሱ ሞተር ሜዳ ላይ አይሞቅም፣ ጣርማ በር ዳገት ላይ ግን ውሃው ይፈላል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። መኪናህን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ውሃው እዚያም ላይ 110 ዲግሪ እስኪደርስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፣ ከዚያ የምታውቀው እንፋሎት ነው። ሞተር ለመቀየር ያን ያህል አውጥተህ በክዳን አትቆጥብ፤ ራዲያተርህ የሚጠይቀውን ቁጥር ግዛ።

ቀጥሎ የራዲያተሩን የታችኛውን ማኒኮቶ እይ። ፖምፓው ውሃ የሚስበው በእሱ በኩል ስለሆነ፣ ጎማው ከላላ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ሲሠራ ተስቦ ይጣበቃል፣ ውሃውም ይቋረጣል። አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥ፣ አንተ ማኒኮቶውን ተመልከት። ሆዱ ሲገባ ካየህ ወፍራም ወይም ውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለው አስገባ። በነገራችን ላይ፣ ከበሬሳ ወንዝ እየቀዳችሁ የምትሞሉ ተዉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚሠራውን ታውቃላችሁ፤ አንቲፍሪዝና ንጹሕ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙሉ።

ጥያቄ (ከሸኖ)፦ የዘይት ፊቲንጉ ሁለት ሦስት ጥርስ ገብቶ ጠበቀ። በትልቅ ቁልፍ ልግፋው?

አትግፋው! ጥርሱ ሌላ ነው ማለት ነው። በሚሊሜትር የተሠራው፣ የእንግሊዙ ቢኤስፒና የአሜሪካው ኤንፒቲ በዓይን ይመሳሰላሉ። ግማሽ ኢንች ቢኤስፒና ግማሽ ኢንች ኤንፒቲ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ጀምረው ይገባሉ፤ ግን የአንዱ ጥርስ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሌላው 60 ነው። ስትገፋው አሉሚኒየሙን ትበላዋለህ። ሾጣጣ አፍ ያላቸው ፊቲንጎችም እንዲሁ አንዱ 37 ዲግሪ፣ ሌላው 45 ዲግሪ ነው፤ ዳዶው ቢይዝም አፉ አይገጥምም፣ ያንጠባጥባል። እኔ የማደርገውን ልንገርህ፦ ከሞተሩ ላይ የወጣውን ፊቲንግ በላስቲክ ጠቅልዬ የየት እንደሆነ እጽፍበታለሁ፣ ሆስ ወደሚቆርጡት ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ፣ እዚያው ፊታቸው በእጄ አጠብቀዋለሁ። በእጅ እስከ መጨረሻው ካልገባ አልወስድም።

ጥያቄ፦ ነጭ የቴፍሎን ክር ብጠመጥምበትስ?

ሾጣጣ አፍ ባለው ላይ ምንም አይረዳም። በናፍጣ መስመር ላይ ደግሞ ቁራጩ ሄዶ የናፍጣ ፖምፓውን ወይም ናፍጣ የሚረጨውን አፍንጫ ይዘጋል። ተው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ከሁሉም አንድ መስመር ብቻ አዲስ አድርግ ቢሉህ የትኛውን ትመርጣለህ?

የቫኪዩሙን፣ አየር እየተሳበበት ፍሬኑን የሚያግዘውን መስመር። ኤን ፒ አር ላይ ፍሬኑን የሚያቀለው ከዲናሞው ጀርባ ያለችው ቫኪዩም ፓምፕ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛ ሞተር ቀይሬ፣ የቫኪዩሙ ማኒኮቶ አጥሮኝ ነበር። መጠኑ ልክ ነው ብዬ የሂተር ውሃ ማኒኮቶ ቆርጬ ገጠምኩ። ለሙከራ ገብስ ጭነን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን፤ እኔ ነበርኩ የምነዳው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። ፍሬን ሞተሩን (ጭሱን አፍኖ መኪናውን የሚያዘገየውን) ብነካ እሱም የለም፤ ለካ እሱም የሚሠራው በዚያው ቫኪዩም ነው። ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ ስለገባሁ ነው የተረፍነው። ፔዳሉ ላይ በሁለት እግሬ ቆሜ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኩ። ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ሲያደርግ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋቢናውን አንስተን ስናይ ማኒኮቶው በሞተሩ ሙቀት ለስልሶ፣ ተስቦ እንደ ቀበቶ ጠፍጥፏል።

ስለዚህ፦ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ለቫኪዩም የተሠራ ብቻ። ወደ ፓምፗ የሚገባውና የሚመለሰው የዘይት ቱቦም አዲስ ይሁን። ስትፈትኑ ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ፤ እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ከግቢ አትውጡ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የመኪናው ባለቤት ነኝ። ሞተሩ ከተቀየረ ጀምሮ ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ናፍጣ ግን የትም አይንጠባጠብም።

እህቴ፣ አለመንጠባጠቡ ራሱ ነው ምልክቱ። ከጋኑ እስከ ናፍጣ ፖምፓው ያለው መስመር የሚስብ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ካለው ናፍጣ አያወጣም፣ አየር ያስገባል። ሜካኒክሽ ፖምፓው መግቢያ ላይ አንድ ስንዝር የምታሳይ ላስቲክ ለጊዜው ያስገባ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ከታየ፣ ላስቲኳን ወደ ጋኑ እያራቀ ይፈትሽ፤ አረፋው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀዳዳውን አልፎታል። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ የመዳብ ሮንዴላ (መገጣጠሚያው ላይ የምትገባ ስስ ቀለበት) ነው። ሞተር ላስቀይር ብትባዪ እሺ አትበዪ።

ጥያቄ (የሲኖ ከባድ መኪና ሹፌር)፦ ከፍሬን አየር ኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን የአየር ቱቦ በፕላስቲክ ተክተውልኛል።

ዛሬውኑ አስወጣው። ከኮምፕሬሰር የሚወጣው አየር በጣም ሞቃት ነው፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ አየር ሲያልቅ ደግሞ ፍሬኑ ይይዝና መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል። እስከ አየር ማድረቂያው ድረስ ብረት፣ ወይም ለዚያ ሙቀት የተሠራ በሽቦ የተሸመነ ሆስ ይሁን።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ቱርቦ ለሌለው መኪና ቱርቦ ሞተር ስገጥም የዘይቱ መስመር ምን ይለያል?

ወደ ቱርቦው የሚገባው ቀጭን ነው፤ ሙቀት የሚችል፣ ከጭስ ማውጫው የራቀ ይሁን። የሚመለሰው ግን የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ ሰፊና ቁልቁል መሆን አለበት፣ የትም እንዳይጎብጥ። ከጎበጠ ዘይቱ ይጠራቀምና በጭስ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ያኔ ቱርቦውን ይወቅሳል። ሞተሩ በሥራ ላይ ስለሚወዛወዝ ሁሉንም ሆስ ትንሽ ለቀቅ አድርገህ እሰር፤ ላዩ ላይ የታተመው ጽሑፍ ከተጠመዘዘ ሆሱም ተጠምዝዟል።

ጥያቄ፦ ከተገጠመ በኋላ መቼ ነው የምናጠብቀው?

የመጀመሪያው ጉዞ ሳይጫን ይሁን። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ዋሻው ሳይደርስ ቁሙ፣ በእጅ ባትሪ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እዩ። ሲመለስ አሳድሩትና ጠዋት በብርዱ ፋሼታዎቹን አጥብቁ፤ ሞተሩ ሞቆ የማይታይ ማንጠባጠብ የሚወጣው ያኔ ነው።