ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ልጅ ልታስገቡ ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች (ጥያቄና መልስ)

ቲቸር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስምንተኛ የጨረሱ ልጆች ያላችሁ ወላጆች በውስጥ መስመር አንድ አይነት ጥያቄ እየጠየቃችሁኝ ስለሆነ እዚሁ ባንዴ ልመልስ ብዬ ነው። የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ተራው የመንግስት ሁለተኛ ደረጃም በፈተና መርጦ የሚቀበለው አዳሪም ውስጥ አስተምሬአለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ወንበር የሚሸጥ የለም። "ሰው አለኝ አስገባልሃለሁ" ለሚላችሁ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡ።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ ቲቸር ልዩ አዳሪ ጥሩ ነው ወይስ እዚሁ ሰፈር ያለው ይሻላል?

ቲቸር፦ ለማን ነው ጥሩ? ልጅሽን አላውቃትም እህቴ። ምን እንደምትወድ፣ ብቻዋን ማደር እንደምትችል፣ ውጤቷ ምን እንደሆነ ጻፊልኝና እንነጋገር።

የሀናን አባት፦ ያስፈተናቸውን በሙሉ ያሳለፈ አለ ሲባል ሰማሁ። እንደዛ ከሆነ ምን ይጠየቃል፣ ማስገባት ነው እንጂ?

ቲቸር፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። በ2015 ብቻ አንድም ልጅ ያላሳለፉ 1,328 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በዚህ መሀል አንዱ ሁሉንም ሲያሳልፍ ያስደንቃል፣ መምህራኑም ልጆቹም ለፍተዋል። ግን ልጆቹ ሲገቡ እነማን ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ። ክልላዊ ላይ አናት የነበሩ፣ ከዛ ላይ ደግሞ በመግቢያ ፈተና የተጣሩ ናቸው። እነዚህን ልጆች የትም ብታስቀምጧቸው አብዛኞቹ ያልፋሉ። ስለዚህ ስንት አሳለፈ የሚለው ለእናንተ ብዙ አይነግራችሁም፣ ትምህርት ቤቱ ምን ጨመረላቸው የሚለው ነው ጉዳዩ።

እሱን እንዴት ታውቃላችሁ? ስትሄዱ ዘጠነኛ ስንት ገብተው አስራ ሁለተኛ ስንት ተፈተኑ ብላችሁ ጠይቁ። እንበልና 60 ገብተው 41 ከተፈተኑ 19ኙ የት ሄዱ? ቤተሰብ ቦታ ቀይሮ ነው፣ ታመው ነው፣ ወይስ ውጤት ሲቀንሱ መልቀቂያ እየተሰጣቸው ነው? ይሄ የመጨረሻው ከሆነ መቶ ፐርሰንቱ ከየት እንደመጣ ገባችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ከ600 ትልቁ ውጤት ስንት ነው አትበሉ፣ እሱን ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል። ትንሹ ስንት ነው፣ መሀል ላይ ያለው ልጅ ስንት አመጣ በሉ። ስምንተኛ ላይ ከወረዳው አንደኛ የነበረ ልጅ አራት አመት አድሮ ተምሮ 305 ካመጣ አዎ አልፏል፣ ግን እዛ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል። የናንተ ልጅ ደግሞ እዛ ሲገባ አንደኛ ሊወጣ እንደማይችል ከአሁኑ እወቁት፣ ሁሉም አንደኛ የነበሩ ናቸው፣ ምናልባትም መሀል ላይ ነው የሚሆነው። መሀል ላይ ያለውን ልጅ የሚያይ መምህር አለ ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ከ2014 በፊት የነበረውን ውጤት ደግሞ አታምጡብኝ፣ ኩረጃው ምን ይመስል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

የኮምቦልቻው፦ እኔ የሚያስፈራኝ ብርዱ ነው። የኛ ልጆች ሙቀት ለምደው ደሴ ላይ ማደር ይከብዳቸዋል።

የጦሳ ልጅ፦ ኧረ ተው ወንድሜ፣ ደሴ አድገን ማን ሞተ? ብርዱ ጭንቅላት ይከፍታል። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ማን ያጠናል በዛ ሙቀት።

የኮምቦልቻው፦ እንደዛ ከሆነ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምን ኮምቦልቻ ተሰራ?

የጦሳ ልጅ፦ ፋብሪካው እዛ ስላለ ነዋ።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ ስለ አየሩ ሌላ ቀን ብትነጋገሩስ፣ እኛ ልጅ ይዘን ተቀምጠናል።

ቲቸር፦ አመሰግናለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ ልዩነቱ አለ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ይሂድ፣ አለቀ። ከኮምቦልቻ ቀን ቀን እያመላለስኩ አስተምራለሁ የምትሉ ግን ተዉት። ክረምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ያለው የሀረጎ መንገድ ጉም ሲሞላው የሚሆነውን ታውቃላችሁ፣ ልጁ መንገድ ላይ ደክሞ ምኑን ያጠናል።

አንድ ወላጅ፦ ምግቡ እንዴት ነው?

ቲቸር፦ እዛ የሚበሉትን ልጆች ጠይቁ።

አንድ ወላጅ፦ ክፍያስ?

ቲቸር፦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ከሂሳብ ክፍል ደረሰኝ ውጪ ለማንም አትክፈሉ፣ ስለ ደላላ ያልኩትን አልደግመውም።

የፒያሳ ሚስትሪ፦ ላብ (ላብራቶሪ) አላቸው? የኔ ልጅ ኬሚስትሪ ነፍሱ ነው።

ቲቸር፦ ላብ አለን የማይል ትምህርት ቤት የለም። ቁልፉ ማን ጋ ነው በሉ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከየትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒውተሩም የላብ እቃውም ተዘርፏል፣ የተተካ አለ፣ ሳይተካ በሩ ተቆልፎ የተቀመጠም አለ። ገብታችሁ እዩ። ጠረጴዛው ላይ አቧራ ካለ፣ ማይክሮስኮፑ ፕላስቲኩ ካልተቀደደ፣ ልጆቹ ላብ የሚያውቁት በመጽሐፍ ስዕል ነው። የአስረኛ ክፍል ልጅ አንድ አቁማችሁ "በመጨረሻ ላብ የገባችሁት መቼ ነው፣ ምን ሰራችሁ" ብላችሁ ጠይቁት፣ ዳይሬክተሩ ከሚነግራችሁ የሱ መልስ ይበልጣል። ላይብረሪም እንደዛው፣ ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ መብራት ሲጠፋስ ምን ያደርጋሉ? ኮምፒውተር ላይም ይለማመዳሉ ወይ በሉ፣ ከ2016 ጀምሮ በኦንላይን የሚፈተኑ ልጆች አሉ፣ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ላይ ነው የሚደነግጠው። ደግሞ ዘንድሮ ፊዚክስና ማትስ መምህር አመት ሙሉ ነበራቸው ወይስ መሀል ላይ ለቀው ክፍሉ ባዶ ከረመ? ይሄን ወላጅ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፣ ከህንፃው ግን እሱ ይበልጣል።

ባለ ቾኩ፦ ቲቸር ይቅርታ፣ እኔም መምህር ነኝ፣ ተራ ትምህርት ቤት። ጎበዞቹን በሙሉ ጠርጋችሁ ወስዳችሁ እኛ ጋ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ጠፋ። ከዛ ውጤት ሲወጣ እኛ ሰነፍ ተባልን።

የሀናን አባት፦ ታዲያ ጎበዙ ልጅ ለሌላው ሲባል ይጎዳ?

ባለ ቾኩ፦ ይጎዳ አላልኩም። ባጀቱም መምህሩም ወደዛ ሲሄድ ለቀረው ማን ያስባል ነው ያልኩት።

ቲቸር፦ ባለ ቾኩ እውነትህን ነው፣ ሁለቱም ቦታ ስለሰራሁ አይቸዋለሁ። ጥያቄ የሚያነሱት አምስት ስድስት ልጆች ሲሄዱ የቀሩት ሰላሳ ምናምኖቹም ዝም ይላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከገጠር ወረዳ መጥታ፣ ቤት ብትቀር እንስራ ተሸክማ ውሃ ስትቀዳ የምትውል ልጅ እዛ ገብታ ማታ ሶስት ሰዓት በመብራት ስታነብ አይቻለሁ። ለሷ አዳሪው ሌላ ህይወት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የራሱ ክፍል፣ አስጠኚና ስልክ ያለው ልጅ የሷን ወንበር ባይሻማ ደስ ይለኛል። ይሄ የኔ አቋም ነው፣ የሚቀየም ይቀየም።

አንድ ወላጅ፦ ለመግቢያ ፈተናው ምን ያጥና?

ቲቸር፦ የሰባትና የስምንተኛ ማትስና ሳይንስ ከመጽሐፉ፣ መልመጃው ሳይዘለል። እንግሊዝኛ በየቀኑ ያንብብ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በሱ ነው፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የሚንገዳገደው በዚህ ነው። "ፈተናው ወጥቷል" እያለ ወረቀት የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው።

አዲስ የገባ፦ ቲቸር በአጭሩ ጥሩ ነው አይደል?

ቲቸር፦ ወንድሜ ከላይ ጀምረህ አንብብ። በአጭሩ የሚባል የለም፣ የልጅህ አራት አመት ነው።

እናት ከሰኞ ገበያ፦ እሺ ቲቸር ልመልስ። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ባዮሎጂ ትወዳለች። ግን እኔ እንድትሄድ እፈልጋለሁ፣ እሷ ማታ ማታ ታለቅሳለች፣ ጓደኞቼን ትቼ አልሄድም ትላለች። አባቷ በግድ ትሂድ ይላል።

ቲቸር፦ አብሽሪ እህቴ። በግድ አትላኳት። ትምህርት ላይ እያሉ ሁለታችሁም ሂዱ፣ ከዛ አንቺ ውጪ ቆይና እሷ ከሴቶቹ ልጆች ጋር ዶርም ገብታ ትጫወት። ሲታመሙ ማን እንደሚያያቸው፣ የሴቶች ዶርም ኃላፊዋ ማታ እዛው ታድር እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ወደ ቤት እንደሚለቋቸው ትጠይቅ፣ አንቺም ጠይቂ። በስልክ ማግኘት የምትችይበትን ቀንና ሰዓትም ያዢ። ተመልሳ አሁንም አልፈልግም ካለች ሰፈር ትማር፣ ባዮሎጂ እዛም አለ፣ ከባለ ቾኩ አይነት መምህር ጋር ካገናኘሻት አትጎዳም። እፈልጋለሁ ካለች ደግሞ የስምንተኛውን ውጤት ኦሪጅናሉን ከኮፒው ጋር ይዘሽ ራስሽ ሂጂና አስመዝግቢ፣ በሰው እጅ እንዳትልኪው።