ለውሻዋ ብስኩት ልትጋግር ላሰበችው እህት፦ መረቁን ተይው

ሰላም እህቴ። «የሚገዛው የውሻ ብስኩት ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ቤት ውስጥ ልሠራላት አስቤያለሁ። በምን ልሥራው? ስንት ቀን ይቆያል? ጣዕም እንዲኖረው የሾርባ መረቅ ባደርግበትስ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አሁን ነው ያየሁት። ከሥር የተሰጡሽን መልሶችም አነበብኳቸው። አንዷ «መረቅ አሪፍ ነው፣ የኔ ውሻ ይሞትለታል» ብላሻለች። ሌላው «ሰው የሚበላውን ቢበላ ምን ይሆናል» ብሏል። እኔ በዚሁ መረቅ ውሻዬን ልቀብረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሚኝ።

ሊጥ ስለማቡካት አልነግርሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ያንቺዋም እንደኔ ቡቺ ትንሽዬ፣ ሆዳምና የሰው እጅ እያየች የምትውል ትመስለኛለች። ቤትሽም ልጅ አይጠፋም። እንደዚያ አድርጌ ነው የምመልስልሽ።

1. ዱቄቱ። እኔ አጃ ነው የምጠቀመው። 2 ኩባያ የአጃ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ፣ 1 እንቁላል። በቃ። ጨው የለ፣ ስኳር የለ፣ ዘይት የለ፣ ቤኪንግ ፓውደር የለ። ዱባው ውሃ ካዘለ ሊጡ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ያኔ ዱቄት ጨመር ማድረግ ነው። ውፍረቱን ግማሽ ሴንቲ ያህል አድርገሽ ዳምጪውና በቢላ በትንንሹ ቁረጪው። 175 ዲግሪ ላይ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ኦቨኑን አጥፍተሽ እዚያው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ተይው። ይቺን የመጨረሻዋን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩባት። ብስኩቱ ኩርሽም ኩርሽም የሚለው በእሷ ነው። እርሾ ግን በፍጹም። ያልበሰለ የእርሾ ሊጥ ውሻ ሆድ ውስጥ ሙቀት ሲያገኝ መነፋቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያወጣል። ሊጡን ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ስልክ ልታነሺ ዞር ስትዪ ነው የሚሰረቀው።

ስንዴ ለብዙ ውሾች ችግር የለውም። ግን ምግብ የማይስማማቸው ውሾች ላይ ቶሎ ቶሎ ስማቸው የሚነሳው የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ናቸው። ያንቺዋ ጆሮዋንና መዳፏን እያከከች የምታስቸግርሽ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ሊጥ ውስጥ አትክተቺ። አንድ አንዱን እየሞከርሽ እዪው።

2. መጠኑ። መክሰስ ከቀኑ ምግብ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት። 7 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን ወደ 480 ካሎሪ ይበቃዋል እንበል። የብስኩቱ ድርሻ 48 ብቻ ናት ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ብቻውን ከ90 በላይ ነው። ስለዚህ ብስኩቱን የአተር ፍሬ አሳክዪው። ቡቺ አንድ ትልቅ ከሚሰጠው አምስት ትንንሽ ቢሰጠው ይመርጣል፤ የሚቆጥረው ስንቴ እንደተሰጠው ነው።

ኦቾሎኒ ቅቤ ካነሳሁ አይቀር፣ የዕቃውን ጀርባ ሳታነቢ እንዳትከፍቺው። ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ የገባበት አለ። አንዳንዱ ላይ «የበርች ስኳር»፣ አንዳንዱ ላይ «ኢ967» ተብሎ ይጻፋል። ሰውን አይመርዝም። ውሻ ላይ ግን ቆሽቱ ኢንሱሊን በብዛት እንዲረጭ ያደርጋል፣ የደም ስኳሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያሽቆለቁላል። በአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ግራም እንኳ ለአደጋ ይበቃል። ስኳር አልባ ማስቲካም ያው ነው፣ ቦርሳሽን መሬት ላይ አታስቀምጪ።

3. ጣዕሙ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

ቡቺ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። የዱባውን ብስኩት ይበላል፣ ግን እንደ ግዴታ ነው የሚበላው። ልጄ «እማ፣ ሥጋ ሥጋ ቢሸት እኮ ይወደው ነበር» አለኝ። ልክ ነው፣ ውሻ መጀመሪያ የሚበላው በአፍንጫው ነው። አንድ እሑድ ለቤት የዶሮ ሾርባ ሠራሁ። 3 ራስ ሽንኩርት፣ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሾርባ ኩብ። አሁን ልብ በይልኝ፦ ሽንኩርት ለውሻ እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ስለማውቅም ነው መረቁን በወንፊት ያጠለልኩት። አንዲት ቁራጭ እንዳታልፍ ብዬ በነጭ ጨርቅ ደገምኩት። ጥርት ብሎ ወጣ። ከዚያ ጠረኑ ጠንከር እንዲል እሳት ላይ መልሼ ግማሽ እስኪሆን አጎደልኩት። በእሱ ነው ሊጡን ያቦካሁት።

ሽንኩርት ውስጥ ሆኖ ውሻን የሚጎዳው ድኝ ያለበት ውህድ ነው። ከሽንኩርቱ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ማፍላት አያጠፋውም፣ መጋገርም አያጠፋውም። እኔ ቁራጩን አውጥቼ ስጥል መርዙ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። ሳጎድለው ደግሞ ጭራሽ አጠነከርኩት። የሾርባ ኩቡን ወረቀት ኋላ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቼ ሳነበው የሽንኩርት ዱቄትና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ይላል። ዱቄቱ ውሃው የወጣለት ስለሆነ በማንኪያ ሲለካ ከጥሬው ይበረታል። ውሻ የክብደቱን 0.5 በመቶ ያህል ሽንኩርት በአንዴ ከበላ ደሙ ይጎዳል። ለ7 ኪሎ ውሻ 35 ግራም ነው፣ ከአንድ መካከለኛ ራስ ያነሰ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲበላም ጉዳቱ ይደራረባል። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ከሆነ በኋላ ነው።

ብስኩቱን እንዴት እንደወደደው ልነግርሽ አልችልም። ቆርቆሮው ሥር ነው የሚተኛው። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አንድ፣ እኔ ሳልፍ አንድ፣ ማታ አንድ። አምስት ቀን እንዲህ ቆየን። በአምስተኛው ቀን ደረጃውን ወጥቶ መሃል ላይ ተቀመጠ። ስጠራው ጅራቱን ይቆላል፣ አይነሳም። አቅፌው ወደ ክሊኒክ ሮጥኩ።

መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ቀጠሮ አለሽ?» አለችኝ። የለኝም፣ ግን ደክሞታል አልኳት። «አስመለሰው? ደማ?» አለች። አይ ስላት «እንግዲያው ድንገተኛ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ነይ። ውሻም እንደ ሰው ይደብረዋል» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ውሻውን አላየችውም እህቴ። እጄ ላይ እንደ እርጥብ ፎጣ ተኝቷል፣ አንዴ ቀና ብትል ይበቃ ነበር። እኔም ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ይዤው ተመለስኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌሊት ነጩ ንጣፍ ላይ ሸና። መብራት ሳበራ የጠቆረ ሻይ የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጌ ድዱን አየሁት። ሮዝ የነበረው ድድ የሻማ ሰም መስሏል። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅ ባደርገው የሚመለስ ቀለም የለም። ልቡ በእጄ ሥር ትር ትር ይላል።

ጎህ ሳይቀድ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ጎልማሳ፣ የተረጋጋ ሰው ነበር። መጀመሪያ የጠረጠረው የመዥገር በሽታ ነው። እሱም ቀይ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፣ ሽንቱንም ያጠቁራል፣ ስለዚህ አልፈርድበትም። «ሽንኩርት በልቶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አልኩት? «በፍጹም! እንዲያውም በእጄ የሠራሁትን ንጹህ ብስኩት ነው የሚበላው።» በኩራት ነው ያልኩት። በዚያ መልሴ ሰውየውን ለብዙ ሰዓት መዥገር ሳስፈልገው ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ የደሙን ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቶ ወጣ። ቀይ የደም ሕዋሶቹ ዳር ዳር ላይ ትንንሽ ጉብታ አላቸው አለኝ። ሽንኩርት ሲነካቸው የሚያወጡት ምልክት ነው፤ እንዲያ የሆኑትን ሰውነቱ ራሱ እያፈረሰ ያስወግዳቸዋል። «ብስኩቱ በምን በምን ተሠራ?» አለኝ። አጃ፣ እንቁላል፣ መረቅ... አልኩና መረቁ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። ተነስቼ ቤት ሄጄ ቆርቆሮውን አመጣሁለት። አንዱን ሰብሮ አሸተተውና ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ለሽንኩርት መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም። ኦክስጅን ተሰጠው፣ ግሉኮስ ተተከለለት፣ የጎረቤቴ ትልቅ ውሻ ደም ሰጠው። 3 ሌሊት እዚያ አደረ። ለጥርሴ ያጠራቀምኩት ገንዘብ በሙሉ ሄደ። ገንዘቡ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ «በፍጹም» ያልኩት ነው። ከ2 ሳምንት በኋላ ደሙ ሲመረመር አዲሱ ሕዋስ ተተክቶለት ነበር። ልጄ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» እያለ ሲያለቅስ የከረመው ያን ቀን ነው የሳቀው።

4 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ሁሉም ከዚያው ይወጣል። አሁን የቡቺ ድስት ለብቻ ነው። ወደ እሱ ድስት ጨው እንኳ አይገባም። የሥጋ ጠረን ከፈለግሽ ጥቂት ጉበት በባዶ ውሃ ቀቅዪ። ደህና አድርጎ ይብሰል፣ ውስጡ ቀይ እንዳይቀር። ከዚያ በስሱ ቆራርጠሽ 95 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት ያህል አድርቂው። ሳትቀቅዪ በቀጥታ አታድርቂ፤ ዝቅተኛው ሙቀት ጀርሙን ሳይገድለው ሥጋው ይደርቃል። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት በየቀኑ አይሰጥ። የተቀቀለበትን ውሃ ግን አትድፊው። ከአጃው ጋር አቡኪው፣ የምትፈልጊውን መረቅ እሱ ይተካልሻል። ያንቺዋ ከወጥ ቤት በር ፈቀቅ አትልም።

ሽንኩርት ስል ቀዩም ነጩም፣ ባሮ ሽንኩርቱም፣ ዱቄቱም ነው። ወይንና ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ካካዋ፣ ማካዳሚያ የሚባለው የለውዝ ዓይነት ፍሬ፣ ገውዝ በአጠገቡ አይለፉ። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ከዚህ በላይ ግን የምለምንሽ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተሠርቶ የመጣን ነገር ሁሉ እንድትጠረጥሪ ነው። የታሸገ መረቅ፣ የሾርባ ኩብ፣ የሕፃን ምግብ፣ የተቀመመ ሥጋ። ጽሑፉ ላይ «ቅመማ ቅመም» ብሎ ካለፈው እኔ አልገዛውም። በእጄ የማስገባውን አውቀዋለሁ፤ ቡቺን ለሞት አፋፍ ያደረሰው ተሸፍኖ የገባው ነው።

ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፊ። ቀኑንና የገባበትን ሁሉ፣ ውሃውን ሳይቀር ጻፊ። ሐኪም ቤት ስትሄጂ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ከራስሽ አፍ ይልቅ እሱን እመኚ። በሩ ላይ «ደክሟታል» እንዳትዪ። «ድዷ ገርጥቷል፣ ሽንቷ ጠቁሯል» በዪ። ቀጠሮ አለሽ ካሉሽም ከንፈሯን ገልጠሽ አሳዪያቸው። እኔ ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝ ይሄን ነው።

ስንት ቀን ይቆያል ላልሽው፣ የዱባው ለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ 1 ሳምንት አያልፍም። ኦቨን ውስጥ ድርቅ ብሎ የቀረው በደንብ በሚዘጋ ዕቃ 2 ሳምንት ይቆይልኛል። ፍሪዘር ውስጥ 3 ወር አቆይቼ ሰጥቼዋለሁ። ሞቅ እያለ ክዳን እንዳትገጥሚበት፣ ላብ አውጥቶ ይሻግታል። ሻጋታ ያየሽበትን ፍቀሽ አትስጪ፣ ሙሉውን ጣይው፤ አንዳንዱ ሻጋታ ውሻን የሚያንቀጠቅጥ መርዝ አለው።

ቡቺ አሁን 9 ዓመቱ ነው። የሠፈሩ ውሾች የኔን በር ያውቁታል። ባለቤቶቻቸው «አንቺ የምትሠሪውን ስጪን» ይሉኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ትሪ እጋግራለሁ። ከመስጠቴ በፊት ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ። ያንቺዋን ስትጀምሪ ትንሽ ትሪ ብቻ ጋግሪ፣ አንዷን ሰጥተሽ ሆዷን 2 ቀን እዪው። ግራ የገባሽ ዕቃ ካለ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ማታ ማታ እገባለሁ። ዱባውን ስትቀቅዪ ደግሞ እጅሽ ለምዶ ጨው እንዳይነሰንስበት።