በጋዝ ስለሚሰራ የመኪና ፍሪጅ ጠይቁኝ

ሰላም ጀማዓ፣ ፒክአፔ ጀርባ ላይ ማደሪያ ቤት አሰርቼ በሲሊንደር ጋዝ የሚሰራ ፍሪጅ ይዤ ከደሴ ባቲ፣ ከባቲ ወልዲያ ስዞር አመታት ሆነኝ። በውስጥ የምትጠይቁኝ ስለበዛ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ኮምፕሬሰር ሳይኖረው በእሳት እንዴት ያቀዘቅዛል?

መልስ፦ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ከኋላ ቱቦው ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን ታሽጎ አለ፣ እሳቱ አሞኒያውን ከውሃው አፍልቶ ያወጣዋል፣ ላይ ወጥቶ ፈሳሽ ይሆናል ከዛ ሃይድሮጅኑ ጋ ሲደርስ ይተንና የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውሃው መልሶ ይመጠዋል። በ1922 እንደ ፈረንጆቹ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው የፈጠሩት። ፓምፕ የሚባል የለውም፣ ፈሳሹ በራሱ ቁልቁል ነው የሚወርደው፣ ጣጣውም ከዚህ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐይቅ ዳር መኪናዬን አቁሜ አደርኩ፣ እሳቱ ይነዳል ውሃው ግን ሞቅ ብሎ አገኘሁት፣ ጋዝ አልቆ ይሆን?

መልስ፦ እሳቱ ከነደደማ ጋዝ አለህ። መኪናህ ዘሞ ነው የቆመው። ውሃ ልክ (ግንበኞች ዝመት የሚያዩበትን) ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጥና እይ፣ ወደ ጎን 3 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ጎማ ስር ድንጋይ አስገባ። ስትነዳ ችግር የለውም ወዲህ ወዲያ ስለሚወዛወዝ ፈሳሹ ይወርዳል፣ ቆሞ ዘሞ ሲያድር ነው የሚገለው። እኔ የመጀመሪያውን ፍሪጄን ሐረጎ ዳገት ላይ ነው የቀበርኩት፣ መኪናው ተበላሽቶ በአንድ ጎኑ ቦይ ውስጥ እንደገባ አደርን፣ እኔ ብርድ ልብስ ስር ሆኜ እሳቱን ማጥፋት ረሳሁ። ፈሳሹ ሳይመለስ ማፍያው ደርቆ ነደደ፣ ለዝገት የሚጨመረው መድሃኒት ተጋግሮ ቱቦውን ደፈነው። ከዛ ወዲህ እቃ ማስቀመጫ ቁምሳጥን ነው ያደረግኩት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ደህና ይሰራል፣ ደሴ ስወጣ እሳቱ ቢጫ ይሆንና ይጠፋል።

መልስ፦ እህቴ አብሽሪ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት አየሩ ሳሳ ይላል፣ ቆሻሻ ካለበት ደግሞ ጭራሽ። ጋዙን ዝጊና በርነሩን (እሳቱ የሚነድበትን) ፍቺው። የኔን ስፈታ የሸረሪት ድር እንደ ጥጥ ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት፣ ጭስ መውጫው ውስጥም ጥላሸት ነበር። ጋዝ የሚወጣባትን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኪ ትሰፋለች፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፊና ንፊባት። እሳቱ ሰማያዊ ሲሆን ጨርሰሻል።

ጥያቄ፦ ለባቲ ሰኞ ገበያ ለስላሳ ይዤ እሄዳለሁ፣ ቀትር ላይ ይደክማል።

መልስ፦ ከኋላው አየር አጥቶ ነው። ከታች መግቢያ ከላይ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ብትጨምር ደስ ይለዋል። ለስላሳውን እሁድ ማታ አቀዝቅዘህ ውጣ፣ ትኩሱን ገበያ ላይ ከጨመርክበት እስከ ማታ አይነሳም።

ጥያቄ፦ በባትሪ ላሰራው?

መልስ፦ ሞተር ሲሰራ ብቻ፣ 10 አምፔር አካባቢ ይበላል፣ ሞተር ጠፍቶ ካደረ ባትሪው አልቆ ጠዋት መኪናውን ትገፋለህ።

ጥያቄ፦ ሽታ ካለስ?

መልስ፦ የአሞኒያ ሽታ ከሆነ ፍሪጁ አልቋል፣ አጥፋና በር ክፈት። የሲሊንደሩ ከሆነ በሳሙና አረፋ ፈልግ፣ በክብሪት አይደለም! ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ብርዳማው ጉጉፍቱ ላይ ሌሊት እሳቱ ይደክማል።

መልስ፦ ቡታን የበዛበት ጋዝ ዜሮ አካባቢ መትነን ያቆማል። ደግሞ ጉጉፍቱ ላይ ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል፣ ጠርሙሱን ውጭ አሳድረው።