ስልክ ሲያነሳ የሚደርቅ ሞደም፦ ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከይፋትና ከመርሐቤቴ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዘራቸው አንድ ነው፦ የቆየው ሞደም፣ ማለትም ኮምፒውተርን በስልክ መስመር ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ስልክ ሲጠራ ያነሳና ይደርቃል። ሁሉንም እዚህ እመልሳለሁ። እነዚህ መሣሪያዎች አርጅተዋል፤ ነገር ግን የሰው እንጀራ የታሠረባቸው ስለሆኑ «ጣሉት» ብሎ መመለስ ለእኔ መልስ አይደለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ደረቀ» ከማለታችሁ በፊት የደረቀበትን ቅጽበት ለዩ። ገና ሲጠራ ነው? «ቀጭ» ብሎ ሲያነሳ ነው? እየጮኸ ከወዲያኛው ጋር ሲተዋወቅ ነው? ወይስ ተገናኝቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ? አራቱ አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጥ ሞደም ከሆነ ፊቱ ላይ ያሉት መብራቶች ይነግሯችኋል፦ «ኦ ኤች» መስመሩን ማንሳቱን፣ «ሲ ዲ» ከወዲያኛው ሞደም ጋር መገናኘቱን፣ «ቲ አር» ኮምፒውተሩ ዝግጁ መሆኑን ያሳያሉ። ለሞደሙ ከኮምፒውተሩ የምትልኳቸውን ትእዛዞች በፊደላቱ ስም ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትመቱ በላቲን ፊደል ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ ከእህል መጋዘን)፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቅርንጫፋችን በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደውሎ የሽያጭ ሒሳብ ይልካል። ከኅዳር ወዲህ ሞደሙ ቀጭ ብሎ ያነሳና መብራቶቹ ሁሉ በርተው ይቀራሉ። ነቅለን ብንሰካውም ያው ነው። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። መስመሩ ይሆን?

መልስ፦ መስመሩ አይመስለኝም፤ ብርዱ ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል እናንተው ታውቁታላችሁ። በሞደሙ ውስጥ ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አሉ። በውስጣቸው ፈሳሽ ነገር አለ፤ ከዓመታት ብዛት እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀ ካፓሲተር ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይብስበታል፤ ለኤሌክትሪክ ያለው ውስጣዊ ተቃውሞ ይጨምርና በሚፈለግበት ቅጽበት ኃይል መስጠት ያቅተዋል። ያ ቅጽበት ስልኩ የሚነሳበት ነው። መስመሩን የሚያነሳው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ይስባል፣ አንጎሉ የሆነው ቺፕ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በሙሉ ኃይሉ መሥራት ይጀምራል። በዚያ ሰከንድ ቮልቱ ዝቅ ካለ ቺፑ አይሞትም፣ አይሠራምም፤ መሐል ላይ ይቀራል። ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ ሲሞቅ ሁሉም ይስተካከላል።

ሳትከፍቱት አረጋግጡ። ነገ ጠዋት ከመደወላቸው በፊት ሞደሙን በፀጉር ማድረቂያ ከአንድ ክንድ ርቀት አምስት ደቂቃ አሙቁት። ካነሳና ከሠራ በሽታው ታወቀ። ቀጥሎ አዳፕተሩን በቴስተር ለኩ፤ ሞደሙ ሥራ ፈትቶ ሳለ 9 ቮልት የነበረው ሲያነሳ 6 ወይም 7 ከሆነ መጀመሪያ አዳፕተሩን ቀይሩ። ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ሞደሞች የሚፈልጉት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ አዳፕተር ነው። ሶኬቱ ገጠመ ተብሎ የሬዲዮ አዳፕተር አይሰካም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አዳፕተሩ ደህና ከሆነ ክዳኑ ይከፈት። ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉትን ተመልከቱ። ጤነኛው አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የታመመው እንደ ድፎ ዳቦ ወደ ላይ ያብጣል፣ አንዳንዴም እግሩ ሥር ቡናማ ነገር ይደርቅበታል። ሲቀየር የማይክሮፋራድ ቁጥሩ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ 105 ዲግሪ የተጻፈበትን ምረጡ። ጎኑ ላይ ያለው መስመር ኔጌቲቩን እግር ያሳያል። ተገልብጦ ከተበየደ ይፈነዳል። እጃችሁ ብየዳ ካለመደ የሬዲዮ ጠጋኝ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሞደሙ ስልክ አያነሳም። ስልኩ ሲጠራ ኮምፒውተሩ ላይ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይወጣል። ሰው ሄዶ ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲከፍተው ይስተካከላል። ቢሮው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው።

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ሁለት ነገር ተደርቧል። አንደኛ፣ ሞደሙ በራሱ እንዲያነሳ የሚያደርገው ትእዛዝ «ኤቲኤስ0=2» ነው፤ ከሁለት ጥሪ በኋላ አንሳ ማለት ነው። ይህ በማስታወሻው ካልተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ይረሳል፤ ስለዚህ «ኤቲኤስ0=2&ደብልዩ» ብለሽ አስቀምጪው።

ሁለተኛው ብዙ ባለሙያ የሚያልፈው ነው። ሞደሙ ከኮምፒውተሩ ጋር በምን ፍጥነት እንደሚነጋገር የሚያውቀው በመጨረሻ ከተላከለት «ኤቲ» ከሚሉት ሁለት ፊደላት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም አላናገረውም፤ ስለዚህ ስልክ ሲጠራ በገዛ ግምቱ ፍጥነት «ጥሪ አለ» ይላል። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀው ሌላ ፍጥነት ስለሆነ የደረሰው ምልክት አልነበብ ይለዋል። አልደረቀም፤ ሁለቱ አልተግባቡም። ፕሮግራሙ ሥራ በፈታ ቁጥር በየአምስት ወይም በየአሥር ደቂቃው አንድ «ኤቲ» እንዲልክ አስተካክዪው። ሰው መላክ ይቀርልሻል።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ስልክ በጠራ ጊዜ የሚደርቀው ሞደሙ ሳይሆን ማውሱ ነው።

መልስ፦ በቆዩ ኮምፒውተሮች ላይ «ኮም» የሚባሉት መሰኪያዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት የውስጥ መስመር አላቸው፤ ኮም 1 እና ኮም 3 አንዱን፣ ማለትም ቁጥር 4ን፣ ይጋራሉ፤ ኮም 2 እና ኮም 4 ደግሞ ቁጥር 3ን። ማውሱ ኮም 1፣ ሞደሙ ኮም 3 ላይ ከሆነ አንዱ ሲናገር ሌላው ይታፈናል። ሞደሙን ወደ ኮም 2 አዛውሩት። ኮም 2 በሌላ ነገር ከተያዘ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ዝጉት። መላው ኮምፒውተር አብሮ የሚደርቅ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካው የሞደም ካርድ የራሱ አንጎል የሌለው፣ ሥራውን ሁሉ በኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ላይ የሚጭን ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ዓይነቱ ከውጭ የሚቀመጥ ሞደም ፈልጉ፤ በካርዱ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ የኮምፒውተር ተማሪ)፦ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በስልክ መግባት እንዲቻል አዘጋጅቼ ነበር። ማንም ሳይደውል የሞደሙ የመላኪያና የመቀበያ መብራቶች ያለማቋረጥ ይብለጨለጫሉ። ሲደወልለት ደግሞ አያነሳም።

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄህን በጣም ወደድኩት። የጀማን ገደል አፋፍ ቆመህ ጮኸህ ታውቃለህ? የገዛ ድምፅህ ተመልሶ ይመጣል። ሞደምህ እንዲሁ ነው። ሊኑክሱ «ስምህን አስገባ» ብሎ ይጽፋል። ሞደሙ የተጻፈለትን ሁሉ መልሶ የማስተጋባት ልማድ ስላለው ያንኑ ይመልስለታል። ሊኑክሱ ደግሞ ሰው ስሙን ያስገባ ይመስለውና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ እሱንም ሞደሙ ያስተጋባል። እየተነጋገሩ ይነጋል። ስልክ ሲጠራ ሞደሙ ከዚህ ወሬ መሐል ወጥቶ ለማንሳት ጊዜ የለውም።

መድኃኒቱ «ኤቲኢ0ኪው1&ደብልዩ» ነው። «ኢ0» ማስተጋባቱን ያቆማል፤ «ኪው1» ደግሞ «እሺ» እና «ጥሪ አለ» እያለ መልስ እንዳይሰጥ ያደርገዋል። ከዚህ በኋላ ሞደሙ ለምትጽፍለት ትእዛዝ ዝም ይላል፤ ተበላሸ ብለህ እንዳትደነግጥ። «ኤቲ&ሲ1» ጨምርበት፤ ሊኑክሱ በእርግጥ ሰው መገናኘቱን የሚያውቀው በእሱ ነው።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት፣ ከሆቴል)፦ ጠጋኛችን ከአዲስ አበባ እየደወለ የስልክ ማከፋፈያችንን በሞደም ያስተካክል ነበር። አሁን እሱ ከዘጋ በኋላም ሞደሙ አይዘጋም። መስመሩ እስከ ማታ ተይዞ ይውላል፤ እንግዳ መደወል አይችልም።

መልስ፦ ጌታዬ፣ ይህ የሦስት ሽቦ በሽታ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በሞደሙና በማከፋፈያው መካከል ያለውን ገመድ ማን ነው የሠራው? ብዙ ጊዜ መላኪያ፣ መቀበያና መሬት ብቻ ተበይደው «ይሠራል» ተብሎ ይተዋል። እውነትም ይሠራል፤ መዝጋት ግን አይችልም። በዘጠኝ እግሩ ሶኬት ላይ አራተኛው እግር መሣሪያው «ጨርሻለሁ፣ ዝጋ» የሚልበት ነው፤ ያ ሽቦ ከሌለ ትእዛዙ አይደርስም። ሙሉ ገመድ ያስበይዱና «ኤቲ&ዲ2» ይስጡት። ቀጥሎ «ኤቲኤስ10?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልሰው ቁጥር በአሥረኛ ሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ 14 ማለት 1.4 ሰከንድ ነው። 255 ካለ ግን ወዲያኛው ቢጠፋም መስመሩን ፈጽሞ እንዳይዘጋ ተነግሮታል ማለት ነው። ወደ 14 ይመልሱት።

ሸዋ ሮቢት ሞቃት ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሞደሙን ከማከፋፈያው ላይ አንሥተው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያድርጉት።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ 56 ሺህ የተጻፈባቸው ሁለት ሞደሞች አሉን፤ በሰከንድ ከ33,600 ቢት በላይ ግን አይገናኙም። በዚያ ላይ ትልልቅ ፋይል ሲላክ መሐል ላይ ይቆማል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ያልፋል።

መልስ፦ ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ ሞደሞቹን አትውቀሱ። 56 ሺህ የሚገኘው አንደኛው ጫፍ በቀጥታ በዲጂታል መስመር ሲገናኝ ነው። ሁለት ተራ የስልክ መስመሮች መካከል ጣሪያው 33,600 ነው።

መቆሙ ግን ይድናል። መሣሪያዎቹ ሲጣደፍባቸው «ቆይ» እና «ቀጥል» የሚባባሉበት ሁለት መንገድ አለ፤ በሽቦ ወይም በፊደል። በፊደል ከሆነ ቁጥር 19 የሆነው ምልክት «ቆይ»፣ ቁጥር 17 ደግሞ «ቀጥል» ማለት ነው። ተራ ጽሑፍ ውስጥ 19 አይገኝም። በፎቶ ወይም በታመቀ ፋይል ውስጥ ግን ይኖራል፤ ሞደሙ ያን ባየ ጊዜ «ቆይ ተባልኩ» ብሎ ይቆማል። «ቀጥል» የሚለው ደግሞ የለም፤ እስከ ነገ ይጠብቃል። «ኤቲ&ኬ3» በሽቦው መንገድ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በአንዳንድ ፋብሪካዎች ሞደም ላይ ትእዛዙ «&ኤች1» ነው። በፕሮግራሙም ላይ ያንኑ ምረጡ። ገመዱ ሰባተኛና ስምንተኛ እግሮቹ የተበየዱ መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ ከመጀመሪያውም አይነቃነቅም።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ባለፈው ክረምት መብረቅ ከወረደ በኋላ ሞደሙ ጥሪውን ያውቃል፣ ሊያነሳ ሲል ግን ይጠፋል።

መልስ፦ ጥሪውን የሚያውቀው ክፍልና መስመሩን የሚያነሳው ክፍል የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው ተመቷል። ወጪው ከጥቅሙ ስለሚበልጥ ሌላ ሞደም ፈልጉ። ለሚቀጥለው ግን ሰማዩ ሲጠቁር የመብራቱን ብቻ ሳይሆን የስልኩንም ገመድ ንቀሉ፤ መብረቁ የሚገባው በሁለቱም ነው። ማጉረምረም ከጀመረ ወዲያ ግን አትንኩት። በደህናውም ቀን ባዶ የስልክ ሽቦ አትያዙ፤ ሥራ ፈትቶ 48 ቮልት ያለው መስመር ስልክ ሲጠራ ከ75 እስከ 90 ቮልት ይደርሳል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ እኛ ቤት ስልክ ሲጠራ የሚቋረጠው ኢንተርኔቱ ነው።

መልስ፦ ኤዲኤስኤል፣ ማለትም በስልኩ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ከሆነ በእያንዳንዱ ስልክ ፊት ማጣሪያዋ መኖሯን እዪ። አንድ ስልክ እንኳ ያለ ማጣሪያ ከተሰካ ሁሉንም ያውካል።

ጥያቄ (ሰላ ድንጋይ)፦ የመስመር ስልኩን ትተን ሲም ካርድ የሚገባበት ሞደም ገዛን። እሱም ጥሪ ሲያነሳ ይደርቃል! ዕጣችን ነው ወይ?

መልስ፦ ዕጣ አይደለም ወገኖቼ፤ ከላይ የመጋዘኑን ጥያቄ አንብቡ። ሲም የሚገባበት ሞደም የሚያነሳው በዚያው በአሮጌው «ኤቲኤ» ትእዛዝ ነው፤ የትእዛዙ ቋንቋ ከ1981 ጀምሮ ያለ ነው። በሽታውም ያው የኃይል ማነስ ነው። ሞደሙ ጥሪ አንሥቶ ወደ ቴሌው ማማ ማሰራጨት ሲጀምር ለአፍታ እስከ 2 አምፔር ይስባል፤ ተራው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን የሚሰጠው ግማሽ አምፔር ነው። ማማው በራቀ ቁጥር አጉልቶ ለመናገር የበለጠ ይስባል። «ኤቲ+ሲኤስኪው» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከ31 ስንት እንደሚሰጣችሁ እዩ። ከ10 በታች ከሆነ የሞደሙን አንቴና ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ አውጡት። ከዚያ 2 አምፔር የሚሰጥ የራሱን አዳፕተር በአጭር ወፍራም ገመድ አገናኙለት፤ ረጅሙና ቀጭኑ ገመድ ያገኘውን ኃይል መንገድ ላይ ይበላዋል።